የቀድሞ የመልክዐ ምድር ካርታዎች ለዛሬው ነጋዴ፤ ተፈልገው ስለሚገኙበትና በኮምፒውተር ካርታ ላይ ስለሚውሉበት መንገድ

ንግድ ከቆመባቸው መሠረቶች አንዱ መንገድን ማወቅ ነው። ዕቃው ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል አልፎ፣ በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚደርስ የማያውቅ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በትክክል ሊቆርጥ አይችልም። የጎጃም የጥንት ነጋዴ ይህን ዕውቀት በቃሉ ይዞት ይጓዝ ነበር። ዛሬ የጁቤ በምትባለው ከተማ አካባቢ በነበረው በባሶ ገበያ የጎጃም ነጋዴዎችና የዓባይን በረሃ ተሻግረው ከጉድሩ ወገን የሚመጡ ነጋዴዎች ይገናኙ ነበር። የትኛው መልካ በየትኛው ወር እንደሚሻገሩት፣ የትኛው ዳገት አጋሰስ እንደሚያደክም፣ ውኃ የት እንደሚገኝ አባት ለልጁ ይነግረዋል፤ ልጁም በእግሩ ሄዶ ያረጋግጠዋል።

በዛሬው ዘመን የዚያን የቃል ዕውቀት ቦታ ለመውሰድ የመጣው በስልክ ላይ የሚታየው ካርታ ነው። ይህ ካርታ በአስፋልቱ መንገድ ላይ ለሚሄድ ሰው ታላቅ ረዳት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ ጠርዝ ያቀና ሰው፣ በስልኩ ላይ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ስም የሌለው መስመርና ባዶ ሜዳ ነው። ወንዙ ስም የለውም፤ መንደሩ ስም የለውም፤ ገበያውም አልተመዘገበም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የኮምፒውተር ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ከብዙ ዓመታት በፊት በወረቀት ወደ ታተሙት የመልክዐ ምድር ካርታዎች ይመለሳሉ፤ በእነዚያ ካርታዎች ላይ የወንዙም፣ የኮረብታውም፣ የቤተ ክርስቲያኑም ስም በብዛት ተጽፎ ይገኛልና።

ነገር ግን የቀድሞ ካርታ ሳይመረመር የሚታመን ምስክር አይደለም። ለተሠራበት ዓመት ይመሰክራል እንጂ ለዛሬው ቀን አይመሰክርም። ስለዚህ የቀድሞ ካርታ በእጁ የገባ ነጋዴ ወይም የነጋዴ ጸሐፊ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን ሊያቀርብለት ይገባል፤ ይኸውም መቼ ተሠራ? በምን የልኬት መሠረት ተለካ? በማን ፈቃድ ይሠራበታል? የሚሉት ናቸው። የዚህ ትምህርት ዓላማ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ማስረዳት ነው።

የመልክዐ ምድር ካርታ ምን ማለት ነው?

የመልክዐ ምድር ካርታ የአንድን አገር መንገድና ከተማ ብቻ ሳይሆን የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመስመር የሚያሳይ ካርታ ነው። እነዚህ መስመሮች የከፍታ መስመሮች ይባላሉ። አንዱ መስመር የሚያልፍባቸው ቦታዎች ሁሉ ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸው ናቸው። መስመሮቹ ተራርቀው ከታዩ መሬቱ ሜዳ ነው፤ ተጠጋግተው ከታዩ ዳገት ነው፤ ሊነካኩ ከደረሱ ደግሞ ገደል ነው።

የካርታው ስኬል በካርታው ላይ ያለው ርቀት በመሬት ላይ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር ነው። 1 ለ50,000 በሆነ ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ነው። 1 ለ250,000 በሆነው ላይ ግን ያው አንድ ሳንቲ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው በግማሽ ሚሊ ሜትር የእርሳስ መስመር ላይ የሚደርስ ስሕተት በመጀመሪያው ካርታ 25 ሜትር፣ በሁለተኛው 125 ሜትር መሆኑን ነው። በትንሹ ስኬል ካርታ ላይ የመጋዘን በር መፈለግ፣ ጨርቅን በእግር እርምጃ እንደ መለካት ያለ ነው።

የጎጃም ደጋ በካርታ የተሣለበት ታሪክ

የጎጃም ምድር በውጭ አገር ሰዎች መለካት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሰከላ ውስጥ ወደሚገኘው ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በንግድ ሥራ ልምድ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በጎጃም ተዘዋውሮ የመንገዶቹንና የገበያዎቹን ሁኔታ መዝግቧል። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በመነጽር እየለካ የብዙ ተራራዎችንና ከተማዎችን ቦታ ወስኗል። በኋላም በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣና ሐይቅንና የዓባይን ሸለቆ በእግሩና በበቅሎው ተከትሎ ከለካ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል።

እነዚህ የመንገደኞች ካርታዎች ለታሪክ የከበሩ ናቸው፤ ለልኬት ግን አይበቁም። መንገደኛው የሄደበትን መሥመር ያውቃል፤ ከመሥመሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን ግን ከሰው ሰምቶ ወይም ከሩቅ አይቶ ነውና የሣለው።

ሁለተኛው ዘመን የአየር ፎቶግራፍ ዘመን ነው። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ድረስ፣ የኢጣሊያ ወታደራዊ የካርታ ሠራተኞች በአውሮፕላን ሆነው ከኢትዮጵያ ከፊሉን ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። እነዚህ ፎቶግራፎች ለብዙ ዓመታት ተረስተው ከቆዩ በኋላ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተገኝተዋል። በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ከ8 ሺህ በላይ ስብስቦች ሲሆኑ፣ በጠቅላላው ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ፎቶግራፎች ናቸው። የመቀሌና የቤልጅክ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በመተባበር ወደ ኮምፒውተር እንዲገቡ አድርገዋል።

ሦስተኛውና ለዛሬው ሥራ ዋነኛ የሆነው ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለው ነው። የካርታና የጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1954 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1957 የጎጃም ደጋ ከአየር ፎቶግራፍ ተነሣ። በእነዚያው ዓመታት ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲባል በአሜሪካና በኢትዮጵያ መንግሥታት ትብብር የልኬት ነጥቦች በየተራራው ራስ ላይ ተተክለው ከሱዳን ልኬት ጋር ተያያዙ። በ1960ዎቹም የሁለቱ መንግሥታት የካርታ ሥራ ቡድን አገሪቱን 1 ለ250,000 በሆነ ስኬል ለማሣል ሠርቷል። ከዚያ በኋላ 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ የሚሸፍኑት የ1 ለ50,000 ሉሆች በየጊዜው ታትመዋል። የመሥሪያ ቤቱም ስም በየዘመኑ ሲለዋወጥ ቆይቶ፣ ዛሬ ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል።

ካርታው ከየት ይገኛል?

የመጀመሪያው መጠየቂያ ቦታ በአዲስ አበባ የሚገኘው ይኸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የሚፈልጉትን ሉህ በቁጥሩ ለይቶ መጠየቅ ሥራን ያፋጥናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም የቆዩ ካርታዎችንና የመንገደኞችን መጻሕፍት ማየት ይቻላል። የኢጣሊያን ዘመን ካርታዎች የሚፈልግ ሰው በፍሎሬንስ ከተማ የሚገኘውን የኢጣሊያ ወታደራዊ ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት መጠየቅ ይችላል።

በኢንተርኔት ደግሞ የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍትና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ብዙ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የካርታ አገልግሎት ሉሆችን ያለ ክፍያ ያሳያሉ። የሶቪየት ኅብረት ጦር ጠቅላይ መምሪያም 1 ለ200,000 በሆነ ስኬል ኢትዮጵያን ጭምር የሣለ ሲሆን፣ በእነዚያ ሉሆች ላይ ስሞቹ ሁሉ በሩሲያ ፊደል ተጽፈዋል። ከካርታ ሌላ፣ ኮሮና የተባሉት የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 ያነሧቸው ፎቶግራፎች በ1995 ከምስጢርነት ወጥተው በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ አማካይነት ለሕዝብ ይሰጣሉ።

የሉሁን ቁጥር ስለ ማወቅ

የ1 ለ250,000 ሉሆች ቁጥር በዓለም አቀፍ ደንብ የተሰጠ በመሆኑ፣ ደንቡን ያወቀ ሰው የሚፈልገውን ሉህ ከወንበሩ ሳይነሣ ሊለየው ይችላል። የደብረ ማርቆስ ሉህ ኤን.ሲ. 37-6 ይባላል። ኤን ማለት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን መሆኑን፣ ሲ ማለት ከምድር ወገብ ጀምሮ በየ4 ዲግሪው ከተከፈሉት መቀነቶች ሦስተኛው፣ ማለትም ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ኬክሮስ ያለው መሆኑን ያመለክታል። 37 ደግሞ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ያለውን ክፍል ያሳያል። ይህ ሰፊ ክፍል በ16 ሉሆች ተከፍሎ ከሰሜን ምዕራብ ጥግ ጀምሮ እንደ መጽሐፍ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይቈጠራል። ስድስተኛው ሉህ ከ10 እስከ 11 ዲግሪ ኬክሮስና ከ37 ዲግሪ ተኩል እስከ 39 ዲግሪ ኬንትሮስ ድረስ ይሸፍናል።

በዚህ መሠረት ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ሉማሜ፣ ደጀንና ቢቸና በዚሁ በኤን.ሲ. 37-6 ላይ ይገኛሉ። ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና እንጅባራ በ37-5 ላይ ናቸው። ሞጣ በ37-2፣ ባሕር ዳርና ዳንግላ በ37-1፣ አዲስ አበባ በ37-10 ላይ ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰውን የጭነት መንገድ በሙሉ ለማየት የሚፈልግ ነጋዴ እንግዲህ አራት ሉሆች ያስፈልጉታል ማለት ነው።

ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር ስለ ማስገባት

ካርታው በተገኘ ጊዜ ወረቀቱ ሳይታጠፍ በጠፍጣፋ ስካነር ይነሣል። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ጠርዙ ስለሚጣመም ለልኬት አይመችም። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ከተነሣ፣ አንዱ ነጥብ በ1 ለ50,000 ካርታ ላይ 4 ሜትር ያህል፣ በ1 ለ250,000 ላይ 21 ሜትር ያህል መሬት ይወክላል። የካርታው ኅዳግ ፈጽሞ መቈረጥ የለበትም፤ ካርታው የታተመበት ዓመት፣ ፎቶግራፉ የተነሣበት ዓመትና የልኬቱ መሠረት የሚጻፉት በኅዳጉ ላይ ነውና። ኅዳግ የሌለው ካርታ ቀንና ፊርማ እንደሌለው ደረሰኝ ነው።

ቀጥሎም ሥዕሉ ከእውነተኛው መሬት ጋር ይያያዛል። ለዚህ ሥራ ያለ ክፍያ የሚገኘው ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። ሠራተኛው በካርታው ላይ የታተሙትን የቁጥር መስመሮች መገናኛ እየነካ የእያንዳንዱን ነጥብ ቁጥር ይጽፋል። አራቱ ማዕዘኖች ብቻ ሳይሆኑ በመካከልም ያሉ ነጥቦች መያዝ አለባቸው፤ ወረቀት በእርጥበትና በድርቀት ይሳባልና ይኰማተራልና። ከነጥቦቹም ጥቂቶቹን ለሥራ ሳይሆን ለማረጋገጫ ለብቻ ማስቀመጥ መልካም ነው፤ የሒሳብ መዝገብ ሁለት ጊዜ ተደምሮ እንደሚመሳከር ማለት ነው።

የልኬት መሠረት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር

ከዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ዐቢይ ነገር አለ። የምድርን ቅርጽ የሚወስነው የሒሳብ መሠረት በሁሉም ካርታ ላይ አንድ አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው መሠረት ላይ ነው። አዲንዳን የልኬት መነሻ ነጥብ ሲሆን፣ ስሌቱ በእንግሊዛዊው ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1880 በተቀመረው የምድር ቅርጽ ይመራል። የዛሬ ስልኮችና ሳተላይቶች ግን ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው ሌላ መሠረት ይሠራሉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዩ.ቲ.ኤም. ቁጥር ሲሰላ፣ አንዱ ቦታ በአዲሱ መሠረት ያለው ቁጥር በአሮጌው ካለው ወደ ምሥራቅ 92 ሜትር ያህል፣ ወደ ሰሜን 207 ሜትር ያህል ይበልጣል። ለምሳሌ፣ በአሮጌው ካርታ ላይ 360,000 ምሥራቅና 1,142,000 ሰሜን ተብሎ የተነበበ ቦታ በአዲሱ ወደ 360,092 ምሥራቅና ወደ 1,142,207 ሰሜን ይሆናል። የካርታውን ቁጥር እንዳለ ወደ ስልክ የገለበጠ ሰው ስለዚህ ቦታውን ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ አራቀው ማለት ነው።

በሜዳ ላይ 200 ሜትር ብዙ አይጐዳም ይባል ይሆናል። በጎጃም ግን መሬቱ በሸለቆ የተቈራረጠ ነው። በዓባይ በረሃ ጠርዝ ላይ 200 ሜትር ማለት በደጋው ሜዳና በገደሉ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ከወንዝ ወዲህ ያለው ገበያ ከወንዝ ወዲያ ተመዝግቦ ቢገኝ፣ ክረምት በገባ ጊዜ ጭነቱን ይዞ ወንዝ ዳር የሚቆመው የነጋዴው መኪና ነው። መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው። ፕሮግራሙ የካርታውን መሠረት ሲጠይቅ የአዲንዳን ዩ.ቲ.ኤም. ክልል 37 ሰሜን መለያ የሆነውን 20137 መስጠት፣ ከዚያም ወደ 32637 ማለትም ወደ ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 እንዲቀይረው ማዘዝ ነው። ከላይ የተሰጡት የሜትር ቁጥሮች የፕሮግራሙን ሥራ ለማመሳከር ብቻ ያገለግላሉ።

ለማረጋገጥም የጎጃም ምድር ራሱ ረዳት አለው። የቆየ ቤተ ክርስቲያን ቦታውን በቀላሉ አይለቅም፤ በዙሪያው ያለው የዛፍ ክብም በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ ከሩቅ ይለያል። በካርታው ላይ ያለው የመስቀል ምልክት በፎቶግራፉ ላይ ካለው የዛፍ ክብ ጋር ከተጋጠመ ሥራው ወደ ትክክለኛው መንገድ ገብቷል ማለት ነው። ምልክቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን በእኩል ርቀት ከተዛነፉ ግን መሠረቱ ተሳስቷልና ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

የሚታመነውና የማይታመነው

በቀድሞ ካርታ ላይ ካሉት ነገሮች ረዥም ዕድሜ ያለው የመሬቱ ቅርጽ ነው። የጮቄ ተራራ ዛሬም ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ወንዞቹም በዚያው ሸለቆ ይወርዳሉ። በብዙዎቹ የ1 ለ50,000 ሉሆች ላይ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ የ10 መስመር ከፍታ የተቈጠረ እንደሆነ፣ መሬቱ በ500 ሜትር ርቀት 200 ሜትር ይወጣል፤ ይህም ከመቶ 40 የሆነ ዳገት ነው። የጭነት መኪና በቀጥታ ሊወጣው አይችልም፤ ወይ ዙሪያ መንገድ አለ፣ ወይ ዕቃው በአህያና በበቅሎ ይጓዛል። ነጋዴው ይህን ከቢሮው ሳይወጣ ካወቀ፣ የማጓጓዣውን ዋጋ ከመዋዋሉ በፊት ይመክርበታል።

የዓባይ በረሃ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ግን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ መልሶ ስለሚወጣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በማስመሪያ ብቻ የለካ ሰው ነዳጁን በግማሽ አሳንሶ ገመተ ማለት ነው።

መንገድና ድልድይ ግን ይለዋወጣሉ። በ1960ዎቹ ካርታ ላይ በዓባይ በረሃ ውስጥ የሚታየው ድልድይ አንድ ብቻ ነው። 303 ሜትር የሚረዝመውና በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በቡሬ የተሠራው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም በእነዚያ ሉሆች ላይ እንደማይገኝ ግልጽ ነው። ስለዚህ የቀድሞ ካርታን መንገድ እንደ ዛሬ መንገድ አድርጎ መገልበጥ አይገባም።

ደንና እርሻም እንደዚሁ ናቸው። ጌቴ ዘለቀና ሐንስ ሁርኒ በደምበጫ አካባቢ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት የ1957ቱን የአየር ፎቶግራፍ ከኋለኞቹ ጋር አነጻጽሯል። በጥናቱ ቦታ የተፈጥሮ ደን በ1957 ከመቶ 27 እጅ የነበረው በ1982 ወደ 2 እጅ፣ በ1995 ወደ 0.3 እጅ ወርዷል። የታረሰው መሬት ደግሞ ከመቶ 39 ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 77 ከፍ ብሏል። በአንጻሩ በደብረ ማርቆስ አጠገብ በሚገኘው የጨሞጋ ወንዝ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ከ1957 ወዲህ በተተከለው ባሕር ዛፍ ምክንያት በደን የተሸፈነው መሬት እንደ ጨመረ አሳይቷል።

ከሁለቱ ጥናቶች ነጋዴው የሚማረው ነገር አለ። በካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የታየው ቦታ ዛሬ የጤፍ ማሳ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ሆኖ የታየውም ዛሬ የባሕር ዛፍ አጣና የሚገዛበት ሊሆን ይችላል። የጎረቤት ወረዳዎች ታሪክ እንኳ አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱን ቦታ በራሱ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ስሞች

በቀድሞ ካርታዎች ላይ ካለው ሀብት ትልቁ ስሙ ነው፤ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም እርሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ራሷ ቀድሞ መንቆረር ትባል ስለ ነበር፣ በጥንቱ ካርታ ላይ ደብረ ማርቆስ ብሎ የሚፈልግ ሰው ሊያጣት ይችላል። የላቲን ፊደል ደግሞ ተን ከጠ፣ ከን ከቀ ለይቶ አይጽፍም። ኢጣሊያኑ እንደ ቋንቋው፣ እንግሊዙም እንደ ቋንቋው ጽፏል። ከላቲኑ ወደ አማርኛ በግምት የተመለሰ ስም ትርጉሙን ያጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የሌላ ቦታ ስም ይሆናል።

ስለዚህ ስሙ ከካርታው ተለቅሞ በቦታው ተወላጆች ዘንድ መረጋገጥ አለበት። በገበያ ቀን ሽማግሌ የሆኑ ነጋዴዎችን፣ የደብሩን ካህናትና የቀበሌውን ሰዎች መጠየቅ ይበቃል። በሳምንቱ ቀን የተጠሩ ገበያዎች፣ ሰኞ ገበያ ወይም ቅዳሜ ገበያ የሚባሉት፣ በብዙ ስፍራ ስለሚገኙ የወረዳቸው ስም አብሮ ሊጻፍ ይገባል። አሮጌው ስምም አይሰረዝም፤ ከአዲሱ ጎን «የቀድሞ ስም» ተብሎ ይመዘገባል። የቆየ ውልና የቆየ ደብዳቤ የሚነበበው በእርሱ ነውና።

ይህ ጥንቃቄ ለአንድ ሰው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ማንኛውም ሰው የሚሳተፍበት የዓለም ካርታ፣ በብዙ የስልክ ፕሮግራሞች ላይ ይሠራል። በእርሱ ላይ በትክክል የተመዘገበ አንድ የገጠር ገበያ የሩቅ ገዢ ሁሉ ያየዋል። በስሕተት የተመዘገበም እንደዚሁ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይባዛል፤ ለማረምም ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ስለ ፈቃድና ስለ ይዞታ

ካርታ የሰው ድካም ውጤት በመሆኑ ባለቤት አለው። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች የሠሯቸው ካርታዎች በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት የለባቸውም። የሌሎቹ አገሮችና የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳተሟቸው ግን ወደ ሕዝብ ካርታ ከመገልበጣቸው በፊት ፈቃድ ሊጠየቅባቸው ይገባል። ኦፕን ስትሪት ማፕም ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ነገር አይቀበልም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። የመልክዐ ምድር ካርታ የርስት ወይም የይዞታ ማስረጃ አይደለም። በቀድሞው ካርታ ላይ የሚታየው የጎጃም ጠቅላይ ግዛትና የአውራጃዎቹ ወሰን የዚያ ዘመን የአስተዳደር ወሰን ነው፤ ዛሬ ምድሩ በተለያዩ ዞኖች ተከፍሎ ይተዳደራል። የመጋዘን ቦታ የሚገዛ ወይም የሚከራይ ነጋዴ የይዞታውን ማስረጃ ከሚመለከተው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ እንጂ፣ በአሮጌ ካርታ መስመር ተማምኖ ከማንም ጋር ክርክር አይጀምር።

አንድ መለማመጃ

አንድ የደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴ ከጮቄ ግርጌ ገብስና ድንች የሚገዛባቸውን ሰባት የገጠር ገበያዎች በካርታ ለመመዝገብ ፈለገ እንበል። አስቀድሞ የአካባቢውን የ1 ለ50,000 ሉሆች ይገዛል፤ የታተሙበትንና ፎቶግራፉ የተነሣበትን ዓመትም በመዝገቡ ይጽፋል፤ ስለ ቅጂውም ፈቃድ ይጠይቃል። ሉሆቹን አስነሥቶ በአዲንዳን መሠረት ያያይዛል፤ ወደ አዲሱ መሠረት ከቀየራቸው በኋላ በሦስት ወይም በአራት አብያተ ክርስቲያናት ያመሳክራል። ከካርታው የሚወስደው የመሬቱን ከፍታ፣ የወንዞቹን መሥመርና ስሞቹን ብቻ ነው። መንገዱን ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ፎቶግራፍ ያያል። በመጨረሻም የጭነት ሠራተኛው ስልኩን ይዞ ሰባቱንም ገበያዎች ሲዞር፣ በእያንዳንዱ ላይ ቆሞ ቦታውን ይመዘግባል፤ ስሙን ይጠይቃል፤ በክረምት መኪና መግባት አለመግባቱንም ይጽፋል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ከጥቂት ቀናት የበለጠ አይፈጅም። ውጤቱ ግን ነጋዴው ሥራውን ለልጁ ወይም ለጸሐፊው ባስረከበ ጊዜ አብሮ የሚተላለፍ ንብረት ነው። የባሶ ነጋዴ ዕውቀት በቃል የነበረ በመሆኑ ብዙው ከባለቤቱ ጋር አልፏል። ዛሬ በየገበያው የሚቀመጡት ሽማግሌዎች የሚያውቋቸው የመልካ፣ የመንደርና የዳገት ስሞችም ሳይጻፉ ከቀሩ እንደዚያው ያልፋሉ፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረትም በኋላ ለሚቆጭ ሰው አይጠቅመውም። ስለዚህ ነጋዴው ለሰፊው ካርታ ጊዜ ባይኖረው እንኳ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንዱን ሉህ ይዞ ወደ አንድ ሽማግሌ ቢቀርብ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። በጨርቅ ንግድ «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለው ምክር በካርታ ሥራም ያው ምክር ነው።